ካርቶኑን ክፈቱልኝ

ሚስቴ ጠመንጃ ቤቴ አይገባም ስላለች ጠመንጃዬ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ጓደኛዬ ቤት ነው። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። በመሃላችን ወንዝ፣ ድልድይና የማያልቅ ትራፊክ አለ፤ ሚስቴ ርቀቱን ወዳዋለች። አደን ያስለመደኝ ይኸው ጓደኛዬ ነው። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ወደ ተራራው እየወጣን ዛፍ ሥር ተቀምጠን አጋዘን እንጠብቃለን። እስካሁን አጋዘኖቹ እኛን አይተውን ይሆናል እንጂ እኛ ብዙም አላየናቸውም።

መነጽሩን የመረጥኩት ግን ራሴ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ስኮፕ ይሉታል፤ ጠመንጃው ላይ የሚታሰር፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ቱቦ ነው። ደህና ደህናው ከጠመንጃው ከራሱ ይወደዳል። እኔ ርካሹን አዘዝኩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ተብሎ ተጽፏል፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይናገርም። በተኮስኩ ቁጥር መሃሉ ላይ ያለው መስቀል ቦታውን ይለቃል፤ ዛሬ ያስተካከልኩት ነገ ወደ ግራ ሄዶ ይጠብቀኛል። ትንሽ ቆይቶ ውስጡ ጉም ለበሰ። ጓደኛዬ አንዴ አየት አደረገበትና «ይሄን የሠሩት አጋዘኖቹ ናቸው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ለድርጅቱ ጻፍኩ። «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ በዚያው ቅጽበት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ። ድረ ገጻቸው ላይ ቻት የሚያደርግ ማሽን አለ፤ መልሱን ከሰጠኝ በኋላ «ይህ ረድቶዎታል?» ይለኛል። አልረዳኝም ስለው ያንኑ መልስ መልሶ ያመጣዋል። ሰው ወጥቶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከስንት ውትወታ በኋላ አንድ ኢሜይል ላኩልኝ፤ ስኮፑን ከነማሰሪያ ብረቶቹ በራሱ ካርቶን ላክልን፣ ከፍተን ካየነው በኋላ እንነግርሃለን ይላል። እንደ ትልቅ ድል ቆጠርኩት። ጓደኛዬ ቤት ሄጄ፣ እሱ ከጠመንጃው ላይ ፈትቶልኝ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤቴ ይዤው መጣሁ።

ያ ሳምንት እማማ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ሳምንት ነበር። እማማ የምላቸው የሚስቴን እናት ነው። ስድስት ወር እኛ ጋ ከርመው ብርዱ ሲመጣ «በቃኝ፣ ልጄን ልየው» አሉ። አዲስ አበባ ያለውን የመጨረሻ ልጃቸውን፣ የሚስቴን ታናሽ ወንድም ማለታቸው ነው።

የሚሄድ ሰው ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ሳሎን ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው ተጋድመዋል። በየሰፈሩ ካሉት ወገኖቻችን፣ ከበርክም ከኮሎምቢያ ሃይትስም፣ «ይቺን ብቻ» እየተባለ ዕቃ ይመጣል፤ ቫይታሚን፣ ጫማ፣ የደም ግፊት መለኪያ። እማማ ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው። «ካርቶን ኪሎ ይበላል» ይላሉ። ማንኛውንም ዕቃ ከካርቶኑ ያወጡና በካልሲ ጠቅልለው ጫማ ውስጥ ይወትፉታል፤ የጸጉር መቁረጫ ይሁን ሽቶ ለሳቸው ለውጥ የለውም። ባዶውን ካርቶን ግን አይጥሉትም። ደህና ካርቶን መጣል አይሆንላቸውም። እንደነበረ አድርገው ይዘጉትና ግድግዳው ሥር ይደረድሩታል፤ ለሚያየው ገና ያልተከፈተ ዕቃ ይመስላል።

ስኮፑን አይተውታል። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥኩ ዕለት እሱን አውጥተው በመስኮት ፓርኪንጉን ሲያዩበት ደረስኩ።

«ወይ ጉድ! የዚያን ሰውዬ ጺም አንድ በአንድ አየሁት» አሉኝ።

ሚስቴ አደን እንደምሄድ ለእናቷ አልነገረቻቸውም። እኔም ስለዚህ «የሩቅ ማያ መነጽር ነው፣ እማማ። አልሠራ ብሎኝ ልመልሰው ነው» አልኳቸው።

ቅር አላቸው። «ለምን ትመልሰዋለህ፣ ልጄ? እዚያ እኮ የሚያበጀው ሰው አይጠፋም።»

ሳቅኩና አለፍኩት። በማግስቱ ካርቶኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለነበር ሳልከፍተው ሌላ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ዙሪያውን በፕላስተር ጠፍንጌ ላክሁት። የማሰሪያ ብረቶቹ ብቻቸውን ይከብዳሉ፤ የጎደለ ነገር ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ እማማን አመሻሹ ላይ ደለስ ኤርፖርት ወሰድናቸው። እግራቸው ደህና ነው፤ ዊልቸር ያዘዝንላቸው አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ሲቀይሩ ቋንቋ ስለማይችሉ እንዳይጠፉብን ብለን ነው። ዊልቸሩ ላይ ሆነው እየመረቁን ገቡ። ሻንጣዎቹ ቦሌ ካልደረሱ አይወርዱም።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቴ እማማ የተኙበትን ክፍል ስታጸዳ ጠራችኝ።

«ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?»

እጇ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥቁር የጎማ ክዳኖች አሉ፤ በላስቲክ ክር ተያይዘዋል። አልጋው ሥር፣ ከካልሲዎቹ ወረቀትና ከፌስታሎቹ መሃል ነው ያገኘቻቸው። የስኮፑ ክዳኖች ናቸው፤ ከፊትና ከኋላ መስተዋቱን የሚሸፍኑት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ለሚስቴ ነገርኳት። ወዲያው ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

የጠመንጃ መነጽር እንዲሁ ተይዞ አገር ቤት አይገባም። ተራ የሩቅ መነጽር እንኳ ቦሌ ላይ ያስጠይቃል። ጊዜው ደግሞ ጊዜ አይደለም፤ ጎጃም ውስጥ ተኩስ አለ። እማማ ጎጃም ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ያስታውቃል። ጉምሩክ ላይ ሻንጣቸው ሲከፈት ታየኝ፤ በካልሲ የተጠቀለለ፣ ጫማ ውስጥ የተወተፈ የጠመንጃ መነጽር። ያንን ያየ ሰው ኪሎ ለመቆጠብ ነው ይላል? ደብቀው ነው ይላል እንጂ። ማን ሰጠዎት ሲሏቸው ደግሞ እማማ መዋሸት አያውቁም፤ «የልጄ ባል» ይላሉ። ለማን ነው ሲሏቸው «ለልጄ፣ እዚህ የሚያበጀው አይጠፋም ብዬ» ይላሉ።

ምናልባት ደግሞ ምንም አልሆነም ይሆናል። በመስኮት ሲያዩበት ክዳኖቹን አውልቀው ክፍላቸው ረስተዋቸው፣ ስኮፑን ወደ ካርቶኑ መልሰውት ይሆናል። ሁለቱም ያስኬዳል። እውነቱን ሊነግሩን የሚችሉት እማማና የስኮፑ ድርጅት ብቻ ናቸው። እማማ ሰማይ ላይ ናቸው። ካርቶኑ ደግሞ ድርጅቱ ጋ መድረሱን ስልኬ ላይ አይቻለሁ።

አየር መንገዱ ጋ ልደውል አልኩና ተውኩት። «የአማቴ ሻንጣ ውስጥ የጠመንጃ ዕቃ ሳይኖር አይቀርም» ብል፣ ባይኖርም እንኳ ያስያዝኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። ለወንድሟ እንንገረው እንዳንል፣ እንዲህ ያለው ነገር ወደ አገር ቤት በስልክ አይወራም። አንድ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ «አለ» ወይም «የለም» ቢለን ብቻ ነው የምንድነው።

ድርጅቱ ያለው ወደ ምዕራብ ነው፤ ቢሮ የሚከፍቱት በእኛ ሰዓት ረፍዶ ነው። እስኪከፍቱ ቤት መቀመጥ አቃተን። ስኮፑን የፈታው ጓደኛዬ ስለሆነ ስለ ክዳኖቹ የሚያስታውሰው ነገር ካለ ብለን ወደ አሌክሳንድሪያ ተነሳን። መኪና ውስጥ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ደጋግሜ እደውላለሁ። ሙዚቃው ይዘፍናል፤ በየመሃሉ አንድ ድምፅ «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» ይላል። ሚስቴ የበሩን እጀታ ይዛ ፊት ለፊት ታያለች።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንድ ወጣት አነሳው። ኬዝ ናምበር፣ የአቤቱታዬን መለያ ቁጥር፣ ጠየቀኝ።

«አልሰጣችሁኝም» አልኩት።

«ያለ ኬዝ ናምበር ሲስተሙ ውስጥ ልፈልግልህ አልችልም፣ ሰር።»

«ሲስተሙን ተወው፤ መደርደሪያው ላይ ፈልግልኝ። ስሜ ሳጥኑ ላይ አለ። ካርቶኑን ክፈትና ውስጡ ምን እንዳለ ንገረኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። አዲስ አትስጠኝ፣ አታብጅልኝ። ክፈተው ብቻ።»

«ዕቃዎች የሚከፈቱት በገቡበት ተራ ነው፣ ሰር።»

«እለምንሃለሁ።»

«ብስጭትዎን እረዳለሁ» አለኝ። ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ከድምፁ ያስታውቃል። ብስጭት እንዳልሆነ፣ ፍርሃት እንደሆነ፣ አንዲት አሮጊት ሰማይ ላይ እንዳሉ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? የጠመንጃ ዕቃ ወደ ውጭ አገር ሄደ ብዬ ልናገር? ይህን እዚህም አገር በስልክ አይናገሩትም። ሱፐርቫይዘር አገናኘኝ አልኩት። አንድ ጊዜ ይጠብቁ አለኝ፤ ሙዚቃው ተመለሰ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። መሪውን በቡጢ መታሁት። ከጎናችን ያለው ሹፌር መስኮቱን ዘጋ።

ሚስቴ ያን ጊዜ ነው አፏን የከፈተችው። «ወንድሜ ሊቀበላት እየተነሳ ይሆናል።»

ስለ ወንድሟ እኔ አላሰብኩም ነበር። ክረምቱ ላይ፣ እማማ እኛ ጋ ሳሉ፣ ያለ ምንም ምክንያት ከመንገድ ላይ ወስደውት ነበር። የት እንዳለ እንኳ ሳናውቅ ሰነበትን። እማማ እህል አልቀምስ ብለው፣ የሚስቴን ስልክ እቅፋቸው ውስጥ አድርገው ሶፋው ላይ ከረሙ። ሲፈታ ለምን እንደያዙትም ለምን እንደለቀቁትም የነገረው ሰው አልነበረም።

«እሷን አሮጊት ናት ብለው ይተዋት ይሆናል» አለች ሚስቴ። «እሱን ግን ሁለተኛ ካገኙት አይለቁትም። ደጅ ቆሞ ሲጠብቃት ዕቃው የማን ነው ቢሏት በጣቷ እሱን ነው የምታሳያቸው።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

ስልኳን አውጥታ ስፒከር ላይ አድርጋ ደወለችለት። ድምፅዋን አለስልሳ እንደ ቀልድ ነው የጀመረችው።

«ጉንፋኑ አልተሻለህም አይደል?» አለችው።

ጉንፋን አልነበረበትም።

«ድምፅህ ጥሩ አይደለም። ዛሬ ብርድ ላይ እንዳትወጣ። ቤትህ ተኛ፤ እማዬ ታክሲ ይዛ ትመጣለች። ሰማኸኝ?»

ከጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማል። «እሺ» አለ በመጨረሻ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሚስቴ ስልኩን ዘግታ እጇን ጭኖቿ መሃል ከተተች።

ጓደኛዬ ያፓርታማው ፓርኪንግ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። በመስኮት ጎንበስ ብሎ «ምነው፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ሊቀልድ ጀመረ፤ የሚስቴን ፊት ሲያይ ተወው። ነገሩን ነገርኩት። የኋላውን በር ከፍቶ ገባና ተቀመጠ።

«ክዳኖቹ ስፈታው ላዩ ላይ ነበሩ» አለ። «በእጄ ጠበቅ አድርጌያቸዋለሁ።»

ስለዚህ ክዳኖቹን ያወለቁት እማማ ናቸው። ያወለቁት ለማየት ነው ወይስ ለመጠቅለል? ሊያጽናናኝ ብሎ «አይዞህ፣ ጉምሩክ ሁሉን ሻንጣ አይከፍትም» አለኝ። እሱ ራሱ ግን እግሩን ማንቀጥቀጥ አላቆመም፤ መኪናው በእሱ እግር ይነቃነቅ ነበር።

ስልኬ ላይ አውሮፕላኑን እናያለን። ቀይ ባሕርን አልፎ ወደ ታች ወረደ፤ ትንሿ አውሮፕላን ከተማዋ ላይ ደርሳ ቆመች። «አርፏል» ይላል ጽሑፉ። እዚያ መሽቷል። እኛ ጋ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ልጆች ከመኪናችን ፊት ኳስ ይጫወታሉ። እማማ ስልክ የላቸውም፤ የአገር ቤት ሲም ካርዳቸው ከከረመ ወዲህ ተዘግቷል። ስለዚህ ስልክ የምንጠብቀው ከማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም ነበር። ሚስቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው። እኔ እደውላለሁ። ሙዚቃውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ሻወር ስወስድ ሳላስበው ሳዜመው ራሴን አገኘዋለሁ።

አውሮፕላኑ ካረፈ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። ከዚያ አንዲት ሴት አነሳች፤ በድምፅዋ ትልቅ ሰው ናት። ኬዝ ናምበር ስትጠይቀኝ የምለው ጠፍቶኝ ማልቀስ ጀመርኩ። አፍሬም አላቆምኩም።

«ሳጥኑ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

«ዙሪያውን ፕላስተር ብቻ ነው።»

ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። ሙዚቃ አላደረገችብኝም። የእግሯ ኮቴ ሲርቅ ሰማሁ፤ ቆይቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ፕላስተሩ ሲቀደድ ይሰማኝ ጀመር። እንደዚያ አድርጌ የጠፈነግኩበትን እጄን ረገምኩት። ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፍተናል።

«አገኘሁት» አለች። «ስኮፑ አለ። ሁለት ማሰሪያም አለ። የመስተዋት ክዳኖቹ ግን የሉም።»

«ስኮፑ አለ?»

«እጄ ላይ ነው። ግን ሰር፣ ክዳኖቹ ስለሌሉ ዕቃው ያልተሟላ ነው፤ ዋስትናው አይሸፍንልህም።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ!» አልኳት በአማርኛ። ጓደኛዬ ከኋላ ትከሻዬን ይደበድበኛል። ሚስቴ ግን አልሳቀችም፤ ወንድሟ ጋ እየደወለች ነው።

«ጉንፋኑ ለቆሃል» አለችው ገና ሲያነሳ። «ተነስ! አሁኑኑ ሂድላት! ምንም የለም፣ ሂድ!»

ስልኩን አልዘጋነውም። ደረጃ ሲወርድ፣ ታክሲ ሲጠራ፣ ሹፌሩን ፍጠንልኝ ሲል እንሰማለን። መንገድ ላይ ቀስ ብሎ «ከማላውቀው ቁጥር ስንት ጊዜ ተደወለልኝ» አላት። «አንቺ እንደዚያ ስላልሽኝ ፈርቼ አላነሳሁትም።»

ሚስቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። እማማ የሰው ስልክ ተውሰው ነው የደወሉት። ስንፈራ የዋልነው እማማ ይዘውት ስለሚወጡት ዕቃ ነው። ወጥተው ልጃቸውን ሲያጡት ምን እንደሚያስቡ አንዳችንም አላሰብንም።

ከታክሲው ሲወርድ መጀመሪያ የሰማነው ለቅሶ ነው። የብዙ ሴቶች ለቅሶ። እርምጃው ቆመ።

«እማዬ ናት» አለ። «መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች።»

እንደ ሐዘንተኛ ማለቱ ነው። ከዚያ እየሮጠ ስለነበር ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። የእማማ ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ «ወሰዱብኝ፣ ልጄን ወሰዱብኝ» ይላሉ፤ የማያውቋቸው ሴቶች አብረዋቸው ያለቅሳሉ። «እማዬ!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ጸጥ አለ። አንድ የጥፊ ድምፅ ሰማን፣ ቀጥሎ ሌላ፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ልጃቸውን በጥፊ መትተው መልሰው ሲያቅፉት ነው። ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ።

ስልኩን ቀምተውት ጆሯቸው ላይ አደረጉት። በለቅሶ በጎረነነ፣ በተዘጋ ድምፅ፣ ሚስቴ የማታውቀውን ታላቅ የምሥራች እንደሚነግሩ ሆነው ጮኹ።

«ልጄ! እንኳን ደስ አለሽ! ወንድምሽ አለ! አልወሰዱትም፣ በእጄ ይዤዋለሁ፣ አለ!»

ሚስቴ ግንባሯን ዳሽቦርዱ ላይ ደፋች።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ እማዬ» አለቻቸው።